ካፖርት የለበሰው ሞተር፦ የሁለት ወር የቅዳሜና እሑድ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018

ሞተሩ ዛሬ ወረደ። ወረደ የምለው በቁሙ ነው፤ ዶልፊን የምትባለው ሚኒባስ ሞተሯን የምትሸከመው ከፊት ወንበሮች ሥር ስለሆነ እንደ ሌላው መኪና ኮፈን ተከፍቶ ወደ ላይ አይነሣም። የመኪናዋን ፊት በፓራንኮ (በሰንሰለት ማንሻ) ከፍ አደረግን፤ ሞተሩን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ለየነው፤ በክሪክ ቀስ እያልን ዝቅ አድርገን አሮጌ ጎማ ላይ ካሳረፍነው በኋላ በሥሯ ጎትተን አወጣነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት የጀመርነው ሥራ ሲያልቅ የማታው ዜና ተጀምሮ ነበር።

መኪናዋ አባቴ ተማሪ ሲያመላልስባት የኖረች ቶዮታ ሃይኤስ ናት። ሞተሯ 3ኤል የሚባለው ባለ አራት ሲሊንደር ናፍጣ ነው፤ 2,779 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋትም የፒስተኑ ምልልስም እኩል 96 ሚሊ ሜትር። ጉልበቱ አልደከመም። ጠዋት በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሣል፤ ጭሱም የሚያሳፍር አይደለም። በሽታው ማፍሰስ ነው። ዘይቱን ሁላችንም እናየዋለን፤ መኪናዋ ከቆመችበት ሁሉ ጥቁር ማኅተም ትታ ነው የምትሄደው። ውሃው ግን በየሳምንቱ ይጎድላል፣ መሬት ላይ ደግሞ ጠብታ አይታይም። ያሳየኋቸው ሁለት ጋራዦች ሁለቱም «ቴስታታው ይውረድ» አሉኝ፤ የሲሊንደሮቹ የላይኛው ክዳን ማለት ነው።

ጎረቤታችን ጋሼ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ ስማቸውን ትቶ ጋሼ ብቻ ነው የሚላቸው። ሞተሩ ሳይወርድ በፊት ባትሪ ይዘው ከሥሯ ገብተው ነበር። ሲወጡ ጉልበታቸውን እያራገፉ «ልጄ፣ ይህ ሞተር ካፖርት ለብሷል። ካፖርት የለበሰ ሰው የት እንደቆሰለ በምን ይታወቃል? መጀመሪያ አውልቅለት» አሉኝ።

ሥራው እንግዲህ ይኸው ነው፦ ሞተሩን መስቀል፣ ማጠብ፣ መቀባት። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቁልፍ የምጨብጠው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። ጋራዥ የምለውም ከቤታችን ጀርባ ያለውን ባለ ቆርቆሮ መጠለያ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ሞተር መሬት ላይ አጋድሞም ይታጠባል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ያንኑ ነው። ነገር ግን ከ200 ኪሎ የማያንስ ብረት መገልበጥ ባስፈለገ ቁጥር ሦስት ሰው ከየቤቱ መጥራት ያስተዛዝባል፤ የዘይት ኮፓውም በተኛበት ይጨረመታል። ስለዚህ መስቀያ አሠራሁ። በያጁ እግሩን በወፍራም ቱቦላሬ አወጣው፤ አናቱ ላይ አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ ይሽከረከራል፤ ጫፉ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ አለ። ሞተሩ ላሜራው ላይ የሚታሰረው ካምቢዮው ይታሰርባቸው በነበሩት ቀዳዳዎች ነው፤ ለዚያ ደግሞ ፍሪሲዮኑና ቮላኖው (ከሞተሩ ኋላ የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት) ቀድመው መውጣት አለባቸው።

በብሎን ጉዳይ ጋሼ አይደራደሩም። ክሩ የገጠመልኝን ከቤት ቆርቆሮ ውስጥ ለቅሜ ስቀርብ፣ እያንዳንዱን ራሱን ገልብጠው አይተው መለሱልኝ። ራሱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር ሊኖረው ይገባል። የመጀመሪያው 8 ብረቱ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር እስከ 800 ኒውተን ያህል ሲሳብ እንደሚችል ይናገራል፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው 8 ደግሞ ከዚያ ጉልበት 80 በመቶው ላይ ሲደርስ ተለጥጦ መቅረት እንደሚጀምር። ቁጥር የሌለው ብሎን አቅሙን የሚያውቀው ራሱ ብቻ ነው። ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ ገበያ ሄጄ አራት ገዛሁ። ርዝመቱም የራሱ ጣጣ አለው፤ ላሜራውን አልፎ ሞኖብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ውስጥ ቢያንስ የውፍረቱን አንድ ተኩል እጥፍ መግባት አለበት። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን ከሆነ 18 ሚሊ ሜትር ማለት ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ከቅዳሴ መልስ ሰቀልነው፤ ወዲያውም አሳፈረኝ። ላሜራውን ስበሳ መሽከርከሪያውን ከኮሎው (ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዘንግ) መሐል ጋር ነበር ያስተካከልኩት። የሞተር እምብርቱ ኮሎው ነው ብዬ። የክብደቱ እምብርት ግን ከዚያ ከፍ ይላል፤ ቴስታታው፣ ማኒፎልዶቹ (የአየርና የጭስ ማስተላለፊያዎቹ)፣ የናፍጣ ፓምፑ ሁሉም የተሸከሙት ከላይ ነው። ማቆሚያውን ፒን ነቅዬ ገፋ ሳደርገው እንደ ሰከረ ሰው ዘመም አለና ባንዴ ተገለበጠ። ሰው አልነካም። ከኮፓው ተንጠፍጥፎ ያላለቀው ጥቁር ዘይት ግን በላይኛው መጨመሪያ ወጥቶ ጫማዬን ሞላው። ጋሼ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ምንም አልተናገሩም። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

በፓራንኮ መልሰን ይዘነው ላሜራውን ፈታሁ፤ ቀዳዳዎቹን 6 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጌ እንደገና በሳሁ። አሁን መሽከርከሪያው ከኮሎው በላይ ውሏል። ሞተሩ በአንድ እጅ ይዞራል፤ ባቆሙት ቦታም ይቆማል። ፒኑን ግን ሳልሰካ እጄን አላነሣም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ከማጠብ በፊት መድፈን። የአየር መግቢያው፣ የጭስ መውጫው፣ የውሃ መንገዶቹ፣ የዘይት መጨመሪያው። ለትልልቆቹ አፎች ከቀጭን ላሜራ ክዳን ቆርጬ ከአሮጌ ጓርኒሲዮን (ማፍሰስ የሚከለክል ንጣፍ) ጋር አሰርኩባቸው፤ ለትንንሾቹ ከእንጨት ውታፍ ጠረብኩ። ጨርቅ መጠቅጠቅ ይቀልል ነበር፣ ጋሼ ከለከሉ። ጨርቅ ይረሳል ባይ ናቸው። ተረስቶ በቀረ ጨርቅ ስለታነቀ አንድ የጭነት መኪና ሞተር ሊተርኩልኝ ሲጀምሩ ቡና ተጠራና ወሬው ሳይቋጭ ቀረ። የናፍጣ ፓምፑን አውርደን በፕላስቲክ ጠቅልለን ቤት አስገባነው፤ እርሱ ውሃ አይነካውም።

አራቱን የኢንጀክተር ቱቦዎች ስፈታ በወረቀት ፕላስተር ላይ ቁጥር እየጻፍኩ ለጠፍኩባቸው። ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፌ ከሩብ ሰዓት በኋላ ስመለስ አራት ራቁት ቱቦዎችና በላያቸው የሚንሳፈፍ የፕላስተር ክምር ጠበቀኝ። የፓምፑ መውጫዎች የተደረደሩት በእሳቱ ተራ (ሲሊንደሮቹ በሚነዱበት ቅደም ተከተል) ነው፤ ተራው ደግሞ 1-3-4-2 ነው እንጂ እንደ ቆጠራ አይሄድም። ደግነቱ የእያንዳንዱ ቱቦ አጣጠፍ የተለየ ስለሆነ ካንዱ ወዳንዱ አይሄድም፤ ሲለካኩ ግማሽ ቀን ፈጀ እንጂ ቦታቸው ተገኘ። መፍትሔውን ያመጣው የ12 ዓመቱ ልጄ ነው። በየቱቦው ላይ ሲባጎ አሰረና ቋጠሮ ቋጠረበት፤ ለአንደኛው አንድ፣ ለአራተኛው አራት። ቋጠሮን ነጭ ጋዝ አይፈታውም።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ቀኑን ሙሉ ፍቅፋቆ። የካፖርቱን ድርብርብ ዛሬ ነው በእጄ የቆጠርኩት። የላይኛው አቧራ ነው፤ በጣት ይረግፋል። ከሥሩ ዘይት የጠጣ አፈር አለ፤ እንደ ቤት ምርጊት ገለባ ሳይቀር ገብቶበት ደርቋል። ከዚህ ምርጊት ውስጥ የእርሳስ ቁራጭና ቀለሙ ያልለቀቀ የከረሜላ ወረቀት ወጣ፤ በወንበሩ ሥር ባለው ክፍተት ሾልከው የወረዱ የአባቴ ተማሪዎች ንብረት መሆን አለባቸው። ቀጥሎ ሰማያዊ ቀለም መጣ። ደስ አለኝ፤ ብረት ጋ ደረስኩ አልኩ። ከሰማያዊው ሥር ግን እንደገና ቅባት።

ነገሩ ገባኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አባቴ «ታጥቦ ተቀብቷል» ተብሎ የከፈለበት ሥራ ነው። ቀለሙን የቀቡት ቆሻሻው ላይ ነበር። በቢላዋ ጫፍ ሲነካ እንደ ድንች ልጣጭ በረዥሙ ይነሣል። የጋራዡን ስም እዚህ አላሰፍርም፤ ባሰፍረውም አባቴ ከሞላ ጎደል ይቅር ብሏቸው ነው ያለፈው።

አሠራሩ ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አይፈልግም። ነጭ ጋዝ በብሩሽ መቀባት፣ ሩብ ሰዓት መተው፣ በመፋቂያ ማንሣት፣ መድገም። ለስላሳዎቹ የአሉሚኒየም ክፍሎች ላይ ብረት ስለሚቧጭር የቀርከሃ ስንጣሪ ተጠቀምኩ፤ ለጥጋጥጉ የጥርስ ብሩሽ። በመጨረሻ ሙቅ ውሃና የልብስ ሳሙና፤ ነጭ ጋዙ ራሱ ስስ ቅባት ትቶ ስለሚሄድ ያለ ሳሙና አይለቅም። መንጻቱን የሚመሰክረው ውሃው ነው። ብረቱ ላይ ሲፈስ ተሰባስቦ ዶቃ ከሠራ ገና ቅባት አለ፤ እንደ መስታወት ተዘርግቶ ከወረደ በቃ።

እጥበቱን ሙሉ በሙሉ በሰፊ ሳፋ ነው የተቀበልነው፤ ወደ ቦይ አልሄደም። ሲዘቅጥ ከላይ የቀረውን ዘይት ጎረቤት ወስዶ የአጥሩን ቋሚዎች ቀባበት፤ ምስጥ አስቸግሮት ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

አንድ ወዳጄ «በነጭ ጋዝ ምን አደከመህ? ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ንከረው» አለኝ። ለኮፓውና ለብረት ክዳኖቹ እውነትም ተአምር ሠራ። በደስታ የቴርሞስታቱን ክዳን ጨመርኩበት። እንደ ጠላ መፍላት ጀመረ። ክዳኑ አሉሚኒየም ነው፤ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፣ ሲበላውም ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ ከሰል በሚነድበት ግቢ የሚፈለግ ጋዝ አይደለም። በእንጨት ይዤ እስካወጣው ፊቱ ጠቁሮ፣ ጓርኒሲዮን የሚቀመጥበት ጠርዝ ተቦርቡሯል። ሌላ መግዛት ነው። ስለ ዛሬ ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

የውሃው ሌባ ተያዘ።

ከጭስ ማኒፎልዱ ሥር፣ ከሞኖብሎኩ ጎን፣ አንዲት ክብ የቆርቆሮ መክደኛ አለች፤ ጋሼ ታፖ ነው የሚሏት። ሞኖብሎክ ከቀለጠ ብረት ሲሠራ በውስጡ የነበረው አሸዋ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች በኋላ በእንዲህ ያሉ ታፖዎች ይዘጋሉ፤ ከኋላቸው የማቀዝቀዣው ውሃ አለ። ሌሎቹ ታፖዎች ታጥበው ሲያብረቀርቁ ይቺ ግን በሰማያዊው ቀለም ሥር እብጠት ነበራት። እብጠቱን በቢላዋ ከፈትኩት፤ ቀይ ሲሊኮን ነው። ሲሊኮኑን ስልጠው ከሥሩ ዝገት፣ ከዝገቱ መሐል መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ።

መሬት ላይ ጠብታ ያልታየበት ምክንያትም ይኸው ነው። ውሃው የሚወጣው በጭላጭ ነው፤ የሚወርደው ደግሞ በጋለ ብረት ላይ ነው፤ መሬት ሳይደርስ ይተናል። ቴስታታ ይውረድ የተባለው በእጅ አውራ ጣት ለምታክል ቆርቆሮ ነበር። ጋሼን ቀና ብዬ ሳያቸው ካፖርቱን በመጥቀስ ሊያሾፉብኝ ይችሉ ነበር፤ «መዶሻ አቀብለኝ» ብቻ አሉኝ።

አወጣጡ እንዲህ ነው። የታፖዋን አንድ ጠርዝ በደንዳና ብረት ወደ ውስጥ ይመቱታል፤ ጎኗን ሰጥታ ትቆማለች፤ ያን ጊዜ በፒንሳ ይዞ መንቀል። ወደ ውስጥ ጨርሳ እንድትገባ መምታት አይገባም፤ ውሃው መንገድ ውስጥ ትቀራለች። መቀመጫውን በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁ፤ አዲሷን ዙሪያዋን ማጣበቂያ በስሱ ቀብቼ፣ ከእርሷ በጥቂቱ የሚያንስ የቁልፍ ካልሲ (ክብ የቁልፍ ራስ) ደግፌ በመዶሻ አስገባኋት። በሦስተኛው ምት ድምፁ ተለወጠ፤ ከባዶ ቆርቆሮ ድምፅ ወደ ድፍን ብረት ድምፅ። «ተቀመጠች» አሉ።

ከውስጥ ያበላሻት የቧንቧ ውሃ ነው። ለዓመታት ያለ ኩላንት፣ በጀሪካን እየተሞላ። ቆርቆሮዋ ስስ ስለሆነች ከወፍራሙ ሞኖብሎክ ቀድማ ታልቃለች። እህቶቿም ብዙ ዕድሜ ስላልቀራቸው ሁሉንም ለወጥናቸው። ሞተሩ ወጥቶ ሳለ የኮሎውን የኋላ ዘይት ማገጃ፣ የውሃ ፓምፑንና ቺንጋውንም (የቫልቮላዎቹን መከፈትና መዘጋት ከኮሎው ጋር የሚያስተካክለውን ቀበቶ) አብረን ቀየርን። ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቮላና ፒስተን የሚማቱበት ሞተር ነው፤ ዳሽቦርዱ ላይ በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ የሚበራ የራሱ መብራት የተሰጠውም ለዚህ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

በቀለሙ ላይ የቤተሰብ ጉባኤ ተደርጓል። ልጄ ቀይ አለ። እኔ ልቤ ጥቁር ላይ ነበር፤ ቆሻሻ አያሳይም ብዬ። ጋሼ ሳቁ፤ «ታዲያ ለምን አጠብከው?» አሉ። ግራጫ ሆነ። ፈካ ያለ ግራጫ ላይ ዘይት ገና ላብ እያለ ይታያል።

ዛሬ ከሥራ መልስ አንቲረስቱን (ዝገት የሚከላከለውን የመጀመሪያ ቀለም) ልቀባ አስቤ ነበር። ኅዳር 12 መሆኑን የረሳሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ጀምሮ ከተማው በዚህ ቀን ቆሻሻውን ሰብስቦ ያጥናል፤ ሰፈራችን በየበሩ አቃጥሎ ጭሱ ቆርቆሮው ሥር ተጎዝጉዞ አገኘሁት። ብን ብን የሚል አመድ ሞተሩ ላይ አርፏል። በአንሶላ ሸፍኜ ገባሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ጠዋት አንሶላውን ስገልጥ ሞተሩ አልቦታል። የኅዳር ሌሊት አዲስ አበባ ላይ ብርድ ነው፤ ይህን ያህል ብረት ቅዝቃዜውን ይዞ ስለሚያድር የጠዋቱን እርጥበት ወደ ራሱ ይስባል። እርጥብ ላይ የተቀባ ቀለም የዚያን ሰማያዊ ቀለም ዕጣ ነው የሚያገኘው። እስከ አምስት ሰዓት ፀሐይ ላይ አቁመነው በቲነር በነጭ ጨርቅ ወለወልኩት፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ።

የሞተሩ ቁጥር የተመታበትን ቦታ በግሪስ ሸፈንኩ። ይህን ማንም እንዳይዘነጋ። ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል፤ በቀለም የተደፈነ ቁጥር ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርቡ ጥያቄ ያስነሣል። ጓርኒሲዮን የሚቀመጥባቸውን ፊቶችና የጎማ ማገጃዎቹንም በፕላስተር ሸፈንኩ።

ባለቤቴ የቡናውን ከሰል ከነዕጣኑ አንሥታ ወደ ፊት ለፊት በረንዳ ወሰደችው፤ የቲነር ትነትና ፍም አንድ ግቢ አይስማሙም። አንቲረስቱን በተከራየሁት ኮምፕረሰር በሁለት ስስ ዙር ረጨሁ። ከሰዓት በኋላ የግራጫውን የመጀመሪያ ዙር ጀመርኩ። ግራ ጎኑን ጨርሼ ወደ ቀኝ ስዞር መብራት ሄደ። ቀለሙ ተበጥብጧል፤ ነገ አይቆይም። በብሩሽ ቀጠልኩ። ልጄ አሁን የሞተሩን ሁለት ጎኖች «የመብራት ኃይል ጎን» እና «የአባዬ ጎን» ይላቸዋል።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ሁለተኛው ዙር። የብሩሹ ጎን ቀርቦ ላየው መስመር አለው፤ ግን ወፍራም ሆኖ ይዟል። የተረጨው ያምራል። ከሁለቱ የቱ እንደሚቆይ እናያለን። ነገ ጾመ ነቢያት ስለሚገባ ምሳው የቅበላ ዶሮ ነበር፤ ጋሼም ከእኛ ጋር ያዙ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

የጭስ ማኒፎልዱ። ሞኖብሎኩ ከውሃው ሙቀት ብዙም ስለማይርቅ ተራ የብረት ቀለም ይችለዋል፤ ማኒፎልዱ ግን በብዙ መቶ ዲግሪ ይግላል፤ ተራ ቀለም በመጀመሪያው ቀን ጨሶ ይረግፋል። ሙቀት የሚችል ብርማ ቀለም በጣሳ ገዝቼ ረጨሁት። ይህ ቀለም የሚጠነክረው ሲጋገር ነው፤ የመጨረሻውን ጥንካሬ የሚሰጠው ሞተሩ ራሱ ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

ገባ። በወጣበት መንገድ፣ ግን በእጥፍ ጥንቃቄ፤ ንጹሕ ነገር ሲሸከሙ እጅ ይከብዳል። ሱፖርቶዎቹን (ሞተሩ የሚቀመጥባቸውን መደገፊያዎች) መጀመሪያ በልቅ አስገብተን ሁሉም ከተገጣጠሙ በኋላ ነው ያጠበቅናቸው። ኩላንት ተሞላ። ናፍጣውን በእጅ ፓምፑ አየሩ እስኪወጣ ስንገፋ አውራ ጣቴ ቆሰለ። ካንዴሌታው (የናፍጣ ሞተር ከመነሣቱ በፊት የሚሞቀው) ሞቀ፤ ቁልፉን አዞርኩ። ሁለት ጊዜ አጉረመረመ፤ በሦስተኛው ተነሣ። ማኒፎልዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ስለጨሰ ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ ብቅ እያሉ ጠየቁ፤ ቀለሙ ነው፣ እየተጋገረ ነው አልናቸው። በራዲያተሩ ተጠባባቂ ዕቃ ላይ የውሃውን ልክ በማርከር አሰመርኩ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 5

ከሥሯ ያነጠፍኩት ካርቶን ላይ አንድ ጠብታ። አንዲት ብቻ።

በፊት ቢሆን ፍለጋው ወር ይፈጅ ነበር። ዛሬ የፊት ወንበሩን አንሥቼ ባትሪ ሳበራ፣ ግራጫው ላይ ከቫልቮላው ክዳን ጥግ የጀመረች ቡናማ መስመር እንደ ክር ቁልቁል ወርዳለች። በቀኝ በኩል፣ በእኔ ብሩሽ ጎን። ብሎኑን ከልክ በላይ ያጠበቅኩት እኔው ነኝ፤ ጓርኒሲዮኑ ተጨፍልቆ ወደ ውጭ ወጥቷል። ክዳኑን ፈትቼ አዲስ አደረግኩ፤ በዚህኛው ጋሼ እጄን ይዘው «እዚህ ጋ ተው» እስኪሉኝ ብቻ አጠበቅኩ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ሳምንቱን ሙሉ ወደ ሥራ የሄድኩት በእርሷ ነው። ካርቶኑ ደረቅ ነው። ውሃው ማርከሩ ላይ ነው።